ግልገል ዓባይ ከጣና ደጃፍ የቆመ ጊዜ

ልጆች፣ ቀረብ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ዛሬ የማወጋችሁ የውሃ ወሬ ነው። እኔ ከአክስቴ ሰማሁት፣ እሷም ከአክስቷ ሰማችው። እናንተም ሰምታችሁ ስታበቁ ለታናናሾቻችሁ ታወሩታላችሁ። እሺ በሉኝ። እሺ ካላችሁ ልጀምር።

ዱሮ፣ ውሃውም ወፉም ታንኳውም እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ በሰከላ ተራራ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። ትንሽ ምንጭ ናት፤ ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሊከልላት ይችላል። ይህች ምንጭ ወንድ ልጅ ወለደችና ስሙን ግልገል ዓባይ አለችው።

ግልገል ዓባይ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ልጅ ነበር። እንደ ተወለደ ወደ ሰሜን ቁልቁል መሮጥ ጀመረ። ድንጋይ ይዘላል፤ ከገደል ይወረወራል፤ ሣር ውስጥ ይሹለከለካል። ሲሮጥም «እኔ ግልገል ዓባይ ነኝ፣ እኔ ግልገል ዓባይ ነኝ» እያለ ነው። ስሙን በጣም ይወደው ነበር።

ጥቂት ወረድ እንዳለ ጀማ የምትባል ወንዝ በጎን መጣች። ብቻዬን መንገዱ ረዘመብኝ፣ አብሬህ ልሂድ አለችው። ነይ ግቢ አላት፤ ገባች። ከዚያች ቦታ በታች ያሉ ሰዎች ጀማ ማለት ተዉና ግልገል ዓባይ ብቻ አሉ።

ደግሞ ወረድ ሲል ክልቲ መጣች። እሷም ብቻዬን መንገዱ ረዘመብኝ አለች። ነይ ግቢ አላት፤ ገባች። ከዚያ በታች ክልቲ የሚል ሰው ጠፋ።

ደግሞ ወረድ ሲል ቆጋ መጣ። ቆጋም ያንኑ አለ፤ ና ግባ ተባለ፤ ገባ። ከዚያ በታች ቆጋ የሚል ሰው ጠፋ።

ግልገል ዓባይ ይህን ሁሉ ልብም አላለው። እሱ የሚያውቀው ሆዱ መስፋቱን፣ ድምፁ መወፈሩን፣ ትከሻው ግንድ መሸከም መቻሉን ነው። ደስ እያለው የደጋውን ቀይ አፈር ተሸክሞ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ሜዳው መጣ። ሜዳ ላይ መሮጥ የለም፤ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ደግሞ ማሰብ ይጀምራል። ግልገል ዓባይ ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከፊት ለፊቱ ዳርቻው የማይታይ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ተዘርግቷል። ምን እንደሆነ አላወቀም። ብቻ መሬቱ ሁሉ ወደዚያው ያዘነብላል፤ እሱም ሳይፈልግ ወደዚያው ይሄዳል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

በዚያ ዳርቻ አያ ርኩም ይኖር ነበር። አያ ርኩም አንገቱ ረዥም፣ አፉ ሰፊ፣ የማይጠግብ ወፍ ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ያደክመዋል። ስለዚህ ወንዙ ሲመጣ አይቶ በልቡ እንዲህ አለ፦ ይህ ልጅ ሜዳው ላይ ቢቆም፣ ውሃው ከጉልበቴ አያልፍም፤ ዓሣው መውጫ ያጣል፤ እኔም ሳልጠልቅ ቆሜ እበላለሁ።

እናም በለሰለሰ ድምፅ ጠጋ አለው።

«ጌታው፣ ወዴት ነው?»

«እንጃ» አለ ግልገል ዓባይ። «መሬቱ ወደ ወሰደኝ ነው።»

«ያቺ ጣና ናት። ጀማ የምትባል ወንዝ አብራህ አልነበረችም?»

«አለች፤ እኔ ውስጥ ናት።»

«ስሟስ የት አለ?»

ግልገል ዓባይ ወደ መጣበት ዞሮ አየ።

«ክልቲስ? ቆጋስ?» አለ ርኩም። «እንግዲህ አንተ በእነሱ ያደረግኸውን፣ ጣና በአንተ ታደርገዋለች። የኔ ነገር ይኸው ነው፤ ሌላ አልልህም።»

ሌላ አልልም ይበል እንጂ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሌሎቹ ወንዞች፣ ርብም ወደ ጣና ገባ፣ ጉማራም ገባ፣ መገጭም ገባ፤ ከገቡ በኋላ ስማቸውን የሰማ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ግልገል ዓባይ የሰማ ሰው አያውቅም። ውሃው ሁሉ ብርድ ብርድ አለው።

ከዚያ ርኩም በርሮ ጣና ዘንድ ሄደ። ጣና አሮጊት ናት፤ ልጁ መምጣቱን በወፎች ሰምታ ደጅ ደጁን ስታይ ነበር የሰነበተችው። ምን ያህል አድጓል ብላ ጠየቀችው። ቦታው ሰፊ ነው፣ አይጨነቅ፣ ቶሎ ይምጣ በልልኝ አለችው። ርኩም እሺ ብሎ ተመለሰና ለግልገል ዓባይ የነገረው ግን ሌላ ነው።

«ሆዴ ሰፊ ነው፣ አሁንም አልሞላም፤ ቶሎ ይምጣ አለች።»

ይህን ሲሰማ ግልገል ዓባይ መቆም አማረው። መንገዱ ግን ያልቃል፤ ከፊቱ ያለው በውሃ ዳር የሚበቅለው ጥቂት ደንገል ብቻ ነው፤ ከደንገሉ ወዲያ ጣና ናት። ምን ያድርግ? ከደጋ ተሸክሞ ያመጣውን አፈር አወረደ። አሸዋውን አወረደ። ግንዱን በላዩ ላይ አጋደመ። የገዛ አፉን በገዛ አፈሩ ደፈነና ከኋላው ተኮራምቶ ተቀመጠ። ደጋ ግን ክረምት ነበር፤ ከላይ ውሃው መምጣቱን አልተወም። ወደፊት መሄድ ቢያቅተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘረጋ። ሜዳው ሁሉ ረግረግ ሆነ።

በሩ ሲዘጋ ጣና መጉደል ጀመረች። የዳርቻዋ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጉማሬዎቹ ጀርባቸው ፀሐይ ላይ ቀረና ቆዳቸው ነደደ። ዓሦቹ እነ አምባዛ ወደ ወንዙ ወጥተው እንዳይወልዱ መንገዱ ተዘጋባቸው። ጣና ለመጣው ወፍ ሁሉ ልጁ ምን ሆኖብኝ ነው፣ ታሞ ይሆን ወይ ትል ነበር። መልስ የሚያመጣላት ግን ርኩም ብቻ ነው፤ እሱም ልጁ ንቆሻል ይላታል። አሮጊቷ ይህን ስትሰማ ወደ ውስጥ ትሸሽ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዎቹ ልንገራችሁ።

በዚያ ሜዳ ላይ፣ ከወንዙ አፍ ብዙም ሳይርቅ፣ ያልጋነሽ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ቢያዝን የሚባለው ባሏ ከጓደኞቹ ጋር በታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ማዶ ሄዷል። ቤት የቀሩት እሷ፣ ጡት የምትጠባ ልጇና የባሏ እናት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። እትዬ ጥሩዬ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ ከመደብ ወደ ደጅ እንኳ የሚወጡት በያልጋነሽ ትከሻ ነው።

ጠዋት ያልጋነሽ ከመኝታዋ ስትወርድ እግሯ ውሃ ረገጠ። ዝናብ ነው ብላ ደጁን ከፈተች፤ ዝናብ የለም። ውሃው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ አይፈስም፤ ዝም ብሎ ይወጣል እንጂ። እህሉን አንስታ ቆጥ ላይ ሰቀለች። ጥቂት ቆይታ ስታይ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። በሬያቸውን ቦራን ፈትታ ወደ ጉብታው ልትነዳው ሞከረች። ቦራ ጥቂት ተራመደና ጭቃው ያዘው። ጎተተችው፤ አልተነቀለም። ገፋችው፤ አልተነቀለም። ጅራቱን ይዛ እያለቀሰች ለመነችው፤ አልተነቀለም። እሷም ልጇ ቤት ውስጥ እያለቀሰች ነውና ትታው ተመለሰች።

ግድግዳው ላይ እንዲደርቅ የተደገፈ አንድ አሮጌ ታንኳ ነበር። ያንን አውርዳ አማቷን አስቀመጠችበት፤ ልጇን በጀርባዋ አዘለች፤ ረዥሙን እንጨት ይዛ እየተመረኮዘች መግፋት ጀመረች። ሐሳቧ ከረግረጉ ወጥታ ጣና መግባት ነው፤ ጣና ላይ ታንኳ ያለው ሰው አይጠፋም። ከቤቷ ርቃ ጥልቁ ዘንድ ስትደርስ ግን እንጨቱ ጭቃ ውስጥ ተተከለ። ብትስበው እሷን ከታንኳው ሊጥላት ሆነ። ለቀቀችው።

ከዚያ በኋላ ታንኳው ቆመ። ነፋስ የለም። ጅረት የለም። ዙሪያውን ቡናማ ውሃና ተንሳፋፊ ሣር ብቻ ነው። ከሩቅ ቦራ ሲጮህ ይሰማል።

ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሠርቶ ከውሃ ሲወጣ ፀሐይና ነፋስ ካላገኘ እየከበደ፣ እየከበደ ሄዶ ይሰጥማል። የያልጋነሽ ታንኳ አሮጌ ነበር፤ ቶሎ ጠጣ። መጀመሪያ ጠርዙ ከውሃው አንድ ክንድ በላይ ነበር። ቀጥሎ አንድ ስንዝር ሆነ። ቀጥሎ አራት ጣት ሆነ። ፀሐይም ማዘቅዘቅ ጀመረች።

እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ውሃውን ዳሰሱና ምን ያህል እንደቀረ ገባቸው።

«ልጄ፣ እኔን አውርጅኝ። ታንኳው ይቅለልሽ» አሏት።

«እማዬ፣ ይቺን ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማት።»

«እኔ ኖሬያለሁ። ይቺ ገና ጥርስ አላወጣችም።»

ያልጋነሽ የአማቷን ነጠላ ከነትከሻቸው በአንድ እጇ ጨብጣ ያዘች፤ አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጣቶቿ ነጡ። በሌላው እጇ ውሃውን መቅዘፍ ጀመረች። ታንኳው ዙሪያውን ይዞራል እንጂ አይሄድም።

ያን ጊዜ ታንኳዋ ራሷ ተናገረች። ሰዎቹ አልሰሟትም፤ ወንዙ ግን ሰማት።

«ግልገል ዓባይ፣ ተንቀሳቀስ።»

«እፈራለሁ» አለ ወንዙ።

«እኔም እፈራለሁ። ሰውነቴ አንተን ሲጠጣ ነው የዋለው፤ አሁን ሞልቻለሁ። በላዬ ላይ ያሉትን ሰዎች ጥቂት ጊዜ ነው መሸከም የምችለው። አንተ ከሄድክ እኔም እሄዳለሁ። አንተ ከቆምክ እዚሁ እሰጥማለሁ።»

አያ ርኩም ከጎን ሆኖ ይሰማ ነበር፤ ጉሮሮው በዓሣ ተወጥሯል። ይህቺ ታንኳ ውሸቷን ነው፣ የደንገል ክምር ስለ ወንዝ ምን ያውቃል አለው። ያን ደጅ ከጣስክ በኋላ መመለስ የለም፤ ነገ የሚጠራህ ሰው አይኖርም አለው። ግልገል ዓባይ ሁለቱንም ሰማ። ወደ ማን ማዘንበል እንዳለበት አላወቀም። ጨነቀው። ሲጨንቀው ወደ ውስጡ ተመለሰና፣ ጠይቆ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ጀማ፣ አለሽ?»

 ከታች፣ ቀዝቀዝ ካለው ውሃ፣ አለሁ የሚል ድምፅ መጣ።

«ስትገቢ ፈርተሽ ነበር?»

«በጣም ፈርቼ ነበር» አለች ጀማ። «አንተ አልጠየቅኸኝም፣ እኔም አልነገርኩህም። ድምፄ ድምፅህ ውስጥ ሲጠፋ የሞትኩ መሰለኝ።»

«ስምሽን ወሰድኩብሽ።»

«ከመገናኛችን በታች ወሰድክብኝ። ከመገናኛችን በላይ ግን አሁንም ጀማ ነኝ። እዚያ ከብት ያጠጡብኛል፣ ልብስ ያጥቡብኛል፣ በስሜም ይጠሩኛል። እዚህ የደረስኩት ደግሞ ከአንተ ጋር ስለሆንኩ ነው፤ ብቻዬን ብሆን በመንገድ ደርቄ እቀር ነበር።»

ክልቲም እንደዚያው ነው አለች። ቆጋም እንደዚያው ነው አለ። ግልገል ዓባይ ይህን ሲሰማ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እንዲያውም በእነሱ ላይ ያመጣውን ሳያውቅ መኖሩ ሌላ ጭንቅ ጨመረበት። ብቻ በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ሆነ። ሲጮህ የዋለው ቦራ ድንገት ጸጥ አለ። የታንኳዋም ጠርዝ ውሃ ነካ፤ በያልጋነሽ ጀርባ ላይ ያለችው ሕፃን እግሯ ሲርስ አለቀሰች።

ግልገል ዓባይ እየፈራ ተነሣ። ከላይ የመጣውን ውሃ ሁሉ ሰበሰበ። ጀማን፣ ክልቲን፣ ቆጋን ያዙኝ አላቸው። በገዛ እጁ የገነባውን አፈር መጀመሪያ ጊዜ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ገፋው፤ ግንዱ ዞረ። ሦስተኛ ገፋው፤ መሐሉ ተበሳ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ተናደ።

ቆሞ የነበረው ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጎተተ። ታንኳዋ አንዴ ዞረችና አፍንጫዋን ወደ ጣና አቀናች። ያልጋነሽ አማቷን አቅፋ ጎንበስ አለች። ሣሩ በግራና በቀኝ አለፋቸው፤ ደንገሉ አለፋቸው፤ የተናደው አፈር አለፋቸው።

ቢያዝን በዚያን ሰዓት ከጣና ወገን ከጓደኞቹ ጋር ነበር። ሐይቁ ሸሽቶ ታንኳቸው ጭቃ ላይ ቀርቶባቸው፣ እየጎተቱ ወደ መንደራቸው ሊደርሱ ሲታገሉ ነው የዋሉት። ድምፁን ሰምቶ ቀና ሲል፣ በቀይ ውሃ መሐል ግማሹ የሰጠመ ታንኳ ሲመጣ አየ። ሚስቱን ለየ። ማገዶውንም ጓደኞቹንም ትቶ እስከ ደረቱ ገባና ታንኳውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ማን ማን አለ?» አላት።

«ሁላችንም አለን» አለችው። «ቦራ ግን ቀርቷል።»

ቢያዝን እናቱን አዝሎ ወደ ዳር ወጣ፤ ተመልሶም ሚስቱንና ልጁን አወጣ። ታንኳዋ ባዶዋን ስትቀር ቀስ ብላ ሰጠመች። ሥራዋን ጨርሳ ነበር።

ግልገል ዓባይስ? ግልገል ዓባይ ጣና ውስጥ ገባ። ገብቶ «እኔ ግልገል ዓባይ ነኝ» ብሎ ተጣራ። ድምፁ አልተሰማም። ደግሞ ተጣራ፤ አልተሰማም። የራሱ ውሃ የት ላይ እንዳበቃ፣ የጣና የት ላይ እንደጀመረ መለየት አቃተው። ያ ሁሉ የፈራው ነገር ይኸው ደረሰ።

ያን ጊዜ ጣና ተናገረችው።

«ልጄ፣ ቆየህብኝ። ወፉን ቶሎ ይምጣ በልልኝ ብዬው ነበር።»

ግልገል ዓባይ ርኩም የነገረውን ነገራት። አሮጊቷ ብዙ አዘነች፤ ለእሷም ርኩም ምን ብሎ እንደነገራት ነገረችው። ሁለቱም በአንድ ወፍ ምላስ ያን ሁሉ ጊዜ መፋራታቸው ገባቸው።

«ስሜን ትመልሽልኛለሽ?» አላት።

«አልዋሽህም፤ እዚህ ሁላችንም ጣና ነን» አለችው። «ርብም አለ፣ ጉማራም አለ፣ መገጭም አለ፤ ከፈለግህ አውራቸው። በደቡብ በኩል ግን አንድ በር አለኝ። የጸና ሰው በዚያ ይወጣል።»

ስለዚህ ጣናን አቋርጦ ሄደ። በዝግታ ሄደ፤ እንዲያውም መሄዱን ከላይ ያየ ሰው አልነበረም። እነ ርብ፣ እነ ጉማራ፣ እነ መገጭ እሱም ሲገባ እንደፈራ ሲነግራቸው እኛም እንደዚያው ነበርን አሉት። በደቡቡ በር አብረው ወጡ። ወጥተውም ዓለት ላይ ሲወርዱ ግልገል ዓባይ ከደጋ ሲሮጥ ይጮኸው የነበረው ዓይነት ጩኸት አይደለም የጮኹት፤ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ነው። ዳር ላይ የቆሙ ሰዎች ዓባይ አሉት። ግልገል ያለው የለም።

አያ ርኩም ዓሣው ሁሉ ከውሃው ጋር ሲሄድበት ባዶ ጭቃ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ በወንዙ አፍ አንገቱን በትከሻው መሐል ቀብሮ ይቆማል፤ የሚያታልለው ሌላ ወንዝ እየጠበቀ ነው ይባላል።

የሜዳው ሰዎች ውሃው ሲሸሽ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እነ ቢያዝን ቦራን ጭቃው ውስጥ ሞቶ አገኙት። በዚያ ዓመት የሚያርሱበት በሬ ስለሌላቸው ጎረቤት ጠምዶ አረሰላቸው። ወንዙ ሜዳው ላይ ጥሎት የሄደው ቀይ አፈር ያብቅል እንጂ፣ ያልጋነሽ ክረምት በመጣ ቁጥር ሌሊት እየተነሣች መሬቱን በእግሯ ትዳስስ ነበር። ያን ነገር አልተወችውም።

ልጆች፣ እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ቃሉን ተቀበሉኝና እናንተ ያዙት። ግልገል ዓባይ ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ለቀቀው ብዬ አልነግራችሁም። ሄዳችሁ ብታዩት ዛሬም ጣና ሊገባ ሲል ቀስ ይላል፤ የተሸከመውን አፈር አፉ ላይ ያወርዳል፤ ወዲያና ወዲህ ይከፋፈላል፤ የሚመለስ ይመስላል። ከዚያ ግን ይገባል። በየዓመቱ ይፈራል፣ በየዓመቱም ይገባል።

ስለዚህ የሚፈራ ሰው ብታዩ አትሳቁበት። እናንተም ስትፈሩ አትፈሩ አልላችሁም፤ ፍሩ። ብቻ ፈርታችሁ መንገድ ላይ አትቁሙ። እናንተ ስትቆሙ የሚሰጥመው ሌላ ሰው ነው።